በማይክሮአሬይ መረጃ ትንተና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዲኤንኤ ማይክሮአሬይ አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። በትንሽ መስታወት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ቁራጮች በየነጥባቸው ይለጠፋሉ። ከናሙናው የወጣው አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ተገልብጦና የሚያበራ ቀለም ተለጥፎበት ሲፈስባቸው ቢጤውን ፈልጎ ይጣበቃል፤ ስካነሩ የየነጥቡን ድምቀት ይለካል፤ ድምቀቱም ጂኑ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከስታንፎርድ የወጣው ቀዳሚ ጥናት አራቢዶፕሲስ የተባለችውን ትንሽ ተክል 45 ጂኖች ነበር የለካው። ዛሬ አንድ ቺፕ (እንዲህ ያለ መስታወት) ከ20,000 በላይ ጂኖችን በአንድ ጊዜ ያነባል። ይህን ያህል ቁጥር በእጁ የያዘ ተመራማሪ ደግሞ፣ እውነትም ባይሆን፣ የሚያምር ውጤት አያጣም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጸመው ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት ነው፤ የሕሙማኑን ናሙና በአንድ ወር፣ የጤነኞቹን በሌላ ወር መሥራት። ኬሚካሉ ይለወጣል፣ ባለሙያው ይቀየራል፣ ሳይ-5 የሚባለው ቀይ ቀለም በአየር ውስጥ ባለ ኦዞን ይደበዝዛል። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በአውሮፓውያንና በእስያውያን ዝርያዎች መካከል ከ4,000 በላይ ጂኖችን አነጻጽሮ ሩብ ያህሉ በሥራ መጠናቸው ይለያያሉ አለ። ዜናው ብዙ አነጋገረ። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ቺፖቹ የተሠሩበትን ቀን ፈተሹ። የአውሮፓውያኑ በአብዛኛው በ2003 እና በ2004፣ የእስያውያኑ ሁሉም በ2005 እና በ2006 የተሠሩ ነበሩ። ዓመቱ ከሂሳቡ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ጠፋ። የሰው ልጆች ልዩነት ተብሎ የተጻፈውን ከሥራ ቀናት ልዩነት መለየት አልተቻለም ማለት ነው! ቡድኑና ቀኑ እንዲህ ከተጣበቁ የትኛውም ሶፍትዌር አይለያያቸውም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ዕጣ ማውጣት ነው፤ በየቀኑ ከሁለቱም ቡድኖች ናሙና ይሥሩ፣ ቀኑንም ይመዝግቡ።

ድምቀቱን እንዳለ ማነጻጸርም ያሳስታል። ቁጥሮቹን ወደ ሎጋሪዝም ይለውጡ፣ ቺፖቹንም እርስ በርስ ያመጣጥኑ። ነገር ግን የተለመዱት የማመጣጠኛ ዘዴዎች አብዛኞቹ ጂኖች አልተለወጡም ብለው እንደሚነሡ አይርሱ።

ቀጥሎ የቁጥር ብዛት ወጥመድ አለ። አንድም ጂን ባይለወጥ እንኳ፣ 20,000 ጂኖችን በ0.05 የፒ ዋጋ ወሰን (የፒ ዋጋ ማለት ለውጥ ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል ነው) ከፈተኑ በአማካይ 1,000 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ «ተለውጠዋል» ይባላሉ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ቤንጃሚኒና ሆችበርግ በ1995 ያቀረቡት የሐሰት ግኝትን ድርሻ የመገደቢያ ዘዴ ለዚህ ይረዳል፤ በየትኛውም የትንተና ጥቅል ውስጥም ይገኛል። ለፈተናው ብዛት ያልተስተካከለ የፒ ዋጋ ይዞ የጂን ዝርዝር ማውጣት ዛሬ ምክንያት የለውም።

የካንሰር ዓይነትን ወይም የሕክምና ውጤትን ለመተንበይ የሚሠሩ ሰዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ሌላ ነው። በሁሉም ናሙናዎች ላይ የተሻሉትን 50 ጂኖች ይመርጡና ከዚያ በኋላ ናሙናውን ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ይከፍላሉ። ተማሪው መልሱን ካየ በኋላ ተፈተነ ማለት ነው። የቡድን ስማቸው በዘፈቀደ በተሰጣቸው ናሙናዎች ላይ እንኳ ይህ አካሄድ ድንቅ ትንበያ ያሳያል። የጂን መረጣው በእያንዳንዱ ዙር፣ በማሠልጠኛው ክፍል ውስጥ ብቻ መካሄድ አለበት።

ቺፑ የዲኤንኤ ልዩነቶችን የሚያነብ ዓይነት ከሆነ ለእኛ የሚመለከት ነገር አለ። በ2012 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ 235 ሰዎችን በእንዲህ ዓይነት ቺፕ መርምሯል። በብዙ ነባር ቺፖች ላይ የሰፈሩት ልዩነቶች ግን በይበልጥ በአውሮፓውያን ዘንድ ቀድመው የታወቁት ናቸው። በእኛ ዘንድ ብቻ ያለው አይታይም። ስለዚህ ቺፑ ያላሳየውን «የለም» ብለው አይጻፉ።

የመጨረሻው ተራ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ኤክሴል ሴፕት2 የተባለውን ጂን ወደ ቀን ለውጦ ሴፕቴምበር 2 ያደርገዋል፤ በዚህ ጣጣ በ2020 የጂኖቹ ስም ሳይቀር ተቀየረ። ከዚህ የባሰው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ታየ። በ2006 የወጣ ጥናት ለየትኛው ታካሚ የትኛው የካንሰር መድኃኒት እንደሚስማማ በማይክሮአሬይ መተንበይ ይቻላል አለ። ባገርሊና ኩምብስ የተባሉ የሂዩስተን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ቁጥሮቹን ሲመረምሩ የጂኖቹ ዝርዝር በአንድ ረድፍ ተንሸራትቶ፣ መድኃኒቱ የሚሠራባቸውና የማይሠራባቸው ናሙናዎችም ተገልብጠው አገኙ። በዚህ ትንበያ ላይ ተመሥርቶ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ጽሑፉ በ2011 ተሰረዘ፤ ሐሰተኛ መረጃ መግባቱም በኋላ በይፋ ተረጋገጠ።

በእጅ መገልበጥን ይተዉ፤ እያንዳንዱን እርምጃ በኮድ ይጻፉ። ከዚያም ኤክስአይኤስቲ የተባለውን ጂን ይመልከቱ። ይህ ጂን በሴቶች ናሙና ላይ ይደምቃል፣ የዋይ ክሮሞዞም ጂኖች ደግሞ በወንዶች ላይ። በመዝገቡ ላይ ወንድ የተባለው ናሙና ኤክስአይኤስቲን አድምቆ ካሳየ፣ ትንተናውን አቁመው ቱቦዎቹ የት እንደተለዋወጡ ይፈልጉ።