በክረምት ዝናብ መሃል ድርቆሽ እንዴት ይዘጋጃል?

በሐረር ዙሪያ ባለው ደጋ ሣሩ ለአጨዳ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዝናቡ ሳያባራ ነው። ፀሐዩን የጠበቀ ገበሬ ደረቅ አየር ቢያገኝም፣ በዚያን ጊዜ ሣሩ ዘሩን አራግፎ ግንዱ ስለሚጠነክር ለሚደልብ ሰንጋ የሚሆነው ፕሮቲን እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ማጨድ የሚገባው ማበብ እንደጀመረ፣ ዝናብ እያለም ቢሆን ነው።

ጤዛው ሲተን፣ በዚያው ቀን ከመሬት አንስቶ በእንጨት ላይ መስቀል የሚቻለውን ያህል ብቻ ይታጨዳል። ጉቶው አራት ጣት ያህል ቢተው የታጨደው ሣር መሬት አይነካም፤ ቀሪውም ቶሎ ያቆጠቁጣል። ከዚያ በስሱ ተበትኖ በየሁለት ሰዓቱ በመንሽ ይገላበጣል። ለመኖ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ ካለ ግንዱ ወፍራም ስለሆነና ዘግይቶ ስለሚደርቅ ከሣሩ ጋር አይቀላቀልም።

ዋናው ሥራ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠቁር ነው። በእኔ እይታ ድርቆሽን ከላይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ አብዝቶ የሚያበላሸው ከሥር ያለው እርጥብ መሬት ነው። ቁመታቸው ሁለት ሜትር የሚሆን ሦስት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ጫፋቸው ታስሮ ይቆማሉ፤ ከጉልበት ከፍታ ጀምሮም አግዳሚ እንጨቶች ይታሰሩባቸዋል። የጠወለገው ሣር ከታች ወደ ላይ እየተደረበ፣ ጫፉ ወደ ታች እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ይሰቀላል። እንደ ጎጆ ክዳን ውኃውን ያንሸራትታል፤ ነፋሱም በባዶው መሃል ስለሚያልፍ ካፊያ ቢመታው እንኳ የሚረጥበው ውጪው ብቻ ነው።

እርጥብ ሣር ከክብደቱ 75 በመቶ ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ ለክምችት ግን ወደ 15 በመቶ መውረድ አለበት። መድረቁን ለማወቅ ከመሃል አንድ ወፍራም ግንድ ተመዝዞ አንጓው አካባቢ በጥፍር ይፋቃል፤ ቆዳው ከተላጠ ገና ነው። የተጠራጠረ ሰው የተከተፈውን ድርቆሽ ከጥቂት ደረቅ ጨው ጋር ክዳን ባለው ደረቅ ጠርሙስ ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃዎች ይነቅንቀው። ጨው ከተጓጎለ ወይም ከጠርሙሱ ከተጣበቀ እርጥበቱ አልወጣም ማለት ነው።

የደረቀው ከመሬት ስንዝር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ በጣሪያ ሥር ይከመራል። እርጥበት የቀረበት ክምር ከውስጥ ይግላል፤ ሲብስም ራሱን ያቃጥላል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በየጊዜው እጅን ወደ ውስጥ አስገብቶ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ሙቀት ከተሰማ ክምሩ ሳይውል ሳያድር ተበትኖ ይናፈሳል። የሻገተው ለከብት አይሰጥም፤ የሚያወጣው ሰውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።