የሁለት አገሮችን ደመወዝ ስናነጻጽር የምንሠራቸው ስህተቶች

በ2025 የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ሲሆን የጀርመኑ 12.82 ዩሮ ነበር። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንዱም ስለሌላው የሚናገረው ነገር የለም፤ ምክንያቱም የሚቆጥሩት ሰውም፣ የሚቆጥሩት ሰዓትም፣ የሚገዙት ዕቃም ይለያያል። የት አገር ልሥራ፣ ይህን የሥራ ውል ልፈርም ወይስ ልተወው ብሎ የሚያመነታ ሰው እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አምኖ ከወሰነ ስህተቱን የሚያውቀው ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ አሜሪካንና ጀርመንን ዋና ምሳሌ አድርገን ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ወሮችና ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የፌዴራሉን ቁጥር የሁሉም አሜሪካዊ ክፍያ አድርጎ መውሰድ

7.25 ዶላር ከሐምሌ 2009 ጀምሮ አልተነካም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች የራሳቸውን ወለል፣ ማለትም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ክፍያ፣ ከፍ አድርገዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እንመልከት፦ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በዲሲ 17.95 ዶላር፣ በሜሪላንድ 15 ዶላር፣ በቨርጂኒያ በዚያው ዓመት 12.41 ዶላር ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለችው አሌክሳንድሪያ አድሮ ዲሲ የሚሠራ ሰው የሚገባው የዲሲው ነው፤ ሕጉ የሚከተለው የሥራውን ቦታ እንጂ የመኖሪያውን አይደለም። ቴክሳስና ጆርጂያ ግን ዛሬም የሚገዛው 7.25 ነው። እዚያም ቢሆን ወለሉ የተለመደ ክፍያ ማለት አይደለም፤ በ2023 በመላው አሜሪካ በሰዓት ከሚከፈላቸው ሠራተኞች መካከል 7.25 ወይም ከዚያ በታች ያገኙት 1.1 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በጀርመን ነገሩ ሌላ ነው። ጥር 2015 በ8.50 ዩሮ የተጀመረው ወለል በመላው አገሪቱ አንድ ነው፤ በጥቅምት 2022 ወደ 12 ዩሮ ሲያድግ 6 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኞች ደመወዛቸው ከፍ ብሏል። ስለዚህ የጀርመኑ ወለል ብዙ ሰው በእውነት የሚቆምበት ሲሆን የአሜሪካው ፌዴራል ወለል ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚነካው ነው። ጀርመንን ማነጻጸር ያለብን ከ«አሜሪካ» ጋር ሳይሆን ልንሄድበት ካሰብነው ከተማ ጋር ነው።

ለአስተናጋጆች ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፌዴራል ሕግ ቲፕ (ጉርሻ) ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በቀጥታ የሚከፍለው 2.13 ዶላር ሊሆን ይችላል። ቲፑ ተደምሮ 7.25 ካልሞላ አሠሪው ልዩነቱን መሙላት አለበት። በጀርመን ግን ቲፕ ከሕጋዊው ወለል ላይ አይቀነስም።

«ሕግ የለም» ማለትን «ዜሮ» አድርጎ መጻፍ

ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ኦስትሪያና ጣሊያን በአገር አቀፍ ሕግ የተደነገገ የደመወዝ ወለል የላቸውም፤ ወለሉን የሚወስነው በሠራተኛ ማኅበራትና በአሠሪዎች መካከል በየዘርፉ የሚፈረም የኅብረት ስምምነት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው የዘርፉ ስምምነት ነው። በኢትዮጵያም ለግል ዘርፍ በአጠቃላይ የሚሠራ ወለል ገና አልተወሰነም፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። የመንግሥት ሠራተኛን መነሻ ደመወዝ ወስዶ «የኢትዮጵያ ዝቅተኛ ደመወዝ» ብሎ ማስፈር ስህተት ነው።

ወሩን በአራት ሳምንት ማባዛት

የሰዓት ክፍያን ወደ ወር ለመቀየር ብዙዎች በ160 (40 ሰዓት በ4 ሳምንት) ያባዛሉ። ትክክለኛው ስሌት የሳምንቱ ሰዓት ሲባዛ በ52 ሲካፈል ለ12 ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ 173.33 ሰዓት ይሆናል። ለጀርመን 12.82 ዩሮ ሲባዛ በ173.33 ያልተጣራ 2,222 ዩሮ ይሰጣል። በ160 ያባዛ ሰው በየወሩ 171 ዩሮ ይጎድልበታል። በእስራኤል ሳምንቱ 42 ሰዓት ስለሆነ የወሩ ሰዓት 182 ነው፤ በሚያዝያ 2025 የጸናውን 6,247.67 ሰቅል የወር ወለል ለ160 ያካፈለ ሰው የሰዓቱን ክፍያ ከ34 ወደ 39 ሰቅል ያሳድገዋል።

የወሮቹ ቁጥርም ይታይ። ስፔን በ2025 የወሰነችው 1,184 ዩሮ በዓመት 14 ጊዜ የሚከፈል ነው፤ በ12 ወር ሲከፋፈል 1,381 ይመጣል። በካታር ከመጋቢት 2021 ጀምሮ መነሻው 1,000 ሪያል ሆኖ፣ አሠሪው ምግብና መኖሪያ ካላቀረበ 300 እና 500 ሪያል ይጨምራል። ውሉ ላይ «1,000» ብቻ ካለ፣ ምግቡና መኖሪያው በማን እንደሆነ ሳይጠየቅ አይፈረም።

ተቀናሹን እንደ ኪሳራ ብቻ ማየት

በጀርመን ከላይ ካሰላነው 2,222 ዩሮ ላይ ያላገባና ልጅ የሌለው ሰው ከግብርና ከማኅበራዊ ዋስትና በኋላ 1,600 ዩሮ ገደማ ይደርሰዋል። በቴክሳስ በ7.25 ሙሉ ሰዓት የሚሠራ በዓመት 15,080 ዶላር ያገኛል፤ ዋናው ተቀናሽ 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮ ነው። በመቶኛ ካየነው አሜሪካ የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን ከጀርመኑ ተቀናሽ ውስጥ የጤና መድኅን፣ የጡረታ፣ የሥራ አጥነትና የእንክብካቤ (በእርጅና ወይም በሕመም ራሱን መርዳት ላቃተው ሰው የሚሆን) መድኅን አሉበት። የጀርመን ሕግ በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ቢያንስ 20 የሥራ ቀን ክፍያ ያለው ዕረፍት ይሰጣል፤ ለታመመም አሠሪው እስከ 6 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ክፍያ ያለው ዕረፍት አያስገድድም። የዕረፍቱን 160 ሰዓት ከዓመቱ 2,080 ሰዓት ላይ ስናነሳ የጀርመኑ ሠራተኛ ለሠራው ለእያንዳንዱ ሰዓት 13.89 ዩሮ ገደማ ያገኛል፤ የበዓላት ቀናት ገና አልተቆጠሩም።

የተለያየ «አማካይ» ማነጻጸር

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት ነው። በአንድ ድርጅት 9 ሰዎች 3,000፣ አለቃቸው 23,000 ቢያገኙ አማካዩ 5,000 ይሆናል፤ 5,000 የሚያገኝ ግን አንድም የለም። ሁሉንም ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፈን መሃል ላይ ያለውን ስንወስድ ግን 3,000 ይመጣል፤ ይህ ሚዲያን ይባላል። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት መዝገብ በ2023 አማካዩ 63 ሺህ ዶላር አልፎ ሳለ ሚዲያኑ 43 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከአማካዩ በታች ያገኙት ሁለት ሦስተኛ ያህል ናቸው።

ሚዲያንን ከሚዲያን ጋር ማስተያየት ብቻውንም አይበቃም። የጀርመን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለ2024 ያወጣው የዓመት ሚዲያን 52 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ከ43 ሺህ ዶላሩ ጋር ሲታይ ጀርመናዊው በእጅጉ የበለጠ ይመስላል። ነገር ግን የጀርመኑ ቁጥር የሙሉ ሰዓት ሠራተኞችን ብቻ ይይዛል፤ የአሜሪካው በዓመቱ ውስጥ ሁለት ወር የሠራ ተማሪን ጭምር ይቆጥራል። በአሜሪካ የሙሉ ሰዓት ሠራተኞችን ብቻ ስንወስድ የ2023 ሚዲያን በሳምንት ከ1,100 ዶላር በላይ፣ በዓመት 58 ሺህ ገደማ ይሆናል። ከቁጥሩ በፊት በሠንጠረዡ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው፦ ማን ተቆጠረ? ቦነስ ገብቷል? የየት ዓመት ነው?

ሁሉን ነገር በዕለቱ ምንዛሬ መመንዘር

በጥር 2025 አንድ ዩሮ 1.03 ዶላር ገደማ ነበር፤ በሐምሌ ወደ 1.17 ወጣ። 12.82 ዩሮ በመጀመሪያው 13.20 ዶላር፣ በሁለተኛው 15 ዶላር ይሆናል። በርሊን ያለው ሠራተኛ ግን አንድ ሳንቲም አልተጨመረለትም። ለኑሮ ንጽጽር የሚሻለው የመግዛት አቅም ምጣኔ ነው፤ በአሜሪካ 1 ዶላር የሚገዛውን ለመግዛት በጀርመን ከ0.70 እስከ 0.75 ዩሮ ይበቃል። በዚህ ስሌት 12.82 ዩሮ ከ17 እስከ 18 ዶላር ያህል ይገዛል። ምጣኔው የአገር አማካይ ስለሆነ የሙኒክን የቤት ኪራይ አያሳይም፤ ኪራዩን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ስሌቱን ለሁለት ይክፈለው፦ እዚያው የሚበላውን በመግዛት አቅም፣ የሚልከውን በምንዛሬ። ከብር ጋር ሲያነጻጽር ደግሞ ቀኑን ይመልከት። ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። 10,000 ብር ደመወዝ ከ175 ዶላር ገደማ ወደ 100 ዶላር የማይሞላ ወረደ። «የ2016 ደመወዝ» የሚል ሠንጠረዥ ሲገኝ ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ምንዛሬውም ከዚያች ቀን በፊት ይሁን በኋላ ሳይለይ ከሌላ አገር ቁጥር አጠገብ አይቀመጥም።