ከሲ ፕሮግራም ውስጥ የሼል ትእዛዝ ማስኬድ

አቋራጩ ሲስተም የሚባለው ፈንክሽን ነው። ኤስቲዲሊብ የተባለውን ሄደር ታስገባላችሁ፣ ተርሚናል ላይ የምትጽፉትን ትእዛዝ በጥቅስ ምልክት ከታችሁ ትሰጡታላችሁ፣ አለቀ። ሲስተም ትእዛዙን ለሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ ለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ያስረክባል፤ ሼሉ እስኪጨርስ ፕሮግራማችሁ ቆሞ ይጠብቃል። ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ ለማየት ዲኤፍን ለማስኬድ ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም።

የሚጠራው ሼል ግን የለመዳችሁት ባሽ ላይሆን ይችላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ዳሽ የሚባል ሌላ ሼል ነው፤ እሱ ደግሞ ባሽ ላይ ሁኔታ የምትፈትሹበትን [[ ]] ብትሉት አይገባውም። ተርሚናል ላይ እሺ ያለ ትእዛዝ ከፕሮግራም ውስጥ እምቢ ሲል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ሲስተም የሚመልሰውን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት። ትእዛዙ ሲያልቅ የመውጫ ቁጥሩ 3 ከሆነ ሊኑክስ ላይ የምታገኙት 768 ነው። አትደንግጡ፣ 3 በ256 ተባዝቶ ነው። ደብልዩኤግዚትስታተስ የሚባለው ማክሮ 3ቱን ያወጣላችኋል። 127 ካወጣላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ አልተገኘም፤ የትእዛዙን ስም አጻጻፍ እዩ። ሲስተም ራሱ -1 ከመለሰ ግን ነገሩ ገና ከመነሻው ከሽፏል።

በሲስተም ሲዲ ብላችሁ ፎልደር ለመቀየርም አትሞክሩ። የሚቀየረው የሼሉ ቦታ ነው፤ ሼሉም ወዲያው ይሞታል። ፕሮግራማችሁ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ለዚህ ሲኤችዲር የሚባል ፈንክሽን አለላችሁ።

የትእዛዙን ውጤት ማንበብ ከፈለጋችሁ ፒኦፕን (popen) የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ። እንደ ፋይል በኤፍጌትስ መስመር በመስመር ታነቡታላችሁ። ስትዘጉት በፒክሎዝ እንጂ በኤፍክሎዝ አይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው የሰጣችሁን ፎልደር ታር በሚባለው የማሸጊያ ትእዛዝ የሚያሽግ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። ስሙን ከትእዛዙ ጋር ገጣጥማችሁ ለሲስተም ሰጣችሁ። ሰውየው ፎልደሩን «የልጄ ልደት» ብሎታል። ሼሉ ክፍት ቦታውን ሲያይ «የልጄ» እና «ልደት» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ይፈልጋል። ይሄ እንኳን ቀላሉ ነው። ስሙ ውስጥ ; ካለ ከምልክቱ በኋላ ያለው ሁሉ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ሆኖ ይሄዳል፤ ያ ትእዛዝ ፋይል አጥፊው አርኤም ከሆነ ጉዳችሁ ፈላ። (የእኛው ፤ ለሼል ተራ ፊደል ስለሆነ ምንም አያመጣም።) ስሙን በጥቅስ ልክበበው የሚል አለ። ስሙ ውስጥ ራሱ ጥቅስ ቢኖርስ?

ስለዚህ ከሰው የመጣ ነገር ትእዛዙ ውስጥ ከገባ ሼሉን ከመሀል አውጡት። በፎርክ ልጅ ፕሮሰስ፣ ማለትም የፕሮግራማችሁን ቅጂ፣ ፍጠሩ። ልጁ ውስጥ ቅጂውን በሌላ ፕሮግራም የሚተካውን ኤክሴክቪፒን ጥሩ፤ ትእዛዙን በአሬይ ስጡት፦ ታር፣ ሲዜድኤፍ፣ የሚፈጠረው ፋይል ስም፣ --፣ የፎልደሩ ስም፣ መጨረሻ ላይ ኑል። እያንዳንዱ ለየብቻው ስለሚደርስ «የልጄ ልደት» አንድ ስም ሆኖ ይቀራል። -- ያስገባሁት በሰረዝ የሚጀምር የፎልደር ስም ታርን እንዳያሳስተው ነው።

ኤክሴክቪፒ ከተሳካለት አይመለስም። ከሥሩ ያለው መስመር የሚደርሰው ካልተሳካ ብቻ ስለሆነ እዚያ ጋ በአንደርስኮር የሚጀምረውን ኤግዚት 127 ሰጥታችሁ ጥሩ። ይህን ከረሳችሁት የፕሮግራማችሁ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን መሮጥ ይጀምራል። ወላጁ ደግሞ ዌይትፒአይዲ ብሎ ልጁን ይጠብቅ፤ አለበለዚያ ልጁ ከሞተም በኋላ ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው ፒኤስ ላይ ዞምቢ ተብሎ ታገኙታላችሁ።