ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ኬብሉን እዩት፦ የኦንላይን ጌም መቆራረጥ ችግርና መፍትሄ

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ጌሙን አፕዴት ማድረግ፣ የጌሙ ሰርቨር ራሱ መውደቅ አለመውደቁን ማየት፤ ይሄን ሁሉ ሞክራችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካልሞከራችሁ ሞክሩና ተመለሱ።

ቀጥሎ ችግሩ ከቤት ይሁን ከውጭ ለዩ። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። በአንዱ ራውተራችሁን ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም ትንሽ ዳታ ልካችሁ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመለስ ለኩ (ping -t ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ)፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በሌላው የጉግልን ሰርቨር፣ 8.8.8.8ን። ሳታቋርጡ ጌሙ እስኪያስቸግር ጠብቁ። በኬብል ከሆነ ራውተሩ በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ መመለስ አለበት። ራውተሩ ራሱ የማይመልስበት ጊዜ ካለ ጥፋቱ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት አቅራቢውን መሳደብ አቁሙ።

ዩቲዩብ አይቆምም፣ ስፒድ ቴስት አሪፍ ነው፣ ጌሙ ግን ይዘላል

ከማየው ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ "ፍጥነት አነሰኝ" ብሎ ፓኬጅ ያሳድጋል። ብዙ ጌም እኮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት እንኳ አይበላም። የጎደለው ፍጥነት ሳይሆን መንገድ ላይ የሚጠፋው ዳታ ነው። ቪዲዮ ወደፊት ያለውን ቀድሞ ያወርዳል፣ የጠፋውንም መልሶ ያስልካል፤ ስለዚህ እናንተ አታዩትም። ጌም ግን ተጫዋቹ አሁን የቆመበትን ቦታ አሁኑኑ ይፈልጋል። ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ቢደርሰው ምንም አያደርግለትም። ሰውዬው እዚህ ነበር፣ ድንገት እዚያ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ኬብል ነው። በተለይ ጫፉን ሰፈር ውስጥ የተሠራ ረጅም ኬብል።

ጀሞ አካባቢ አንድ ጌም ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ጓዳ ያለው ፕሌይስቴሽን ብቻ ነው የሚዘለው። ልጆቹ "ያ ስክሪን ቡዳ በልቶታል" ብለው እዚያ መቀመጥ ትተዋል። ባለቤቱ ፓኬጁን አሳድጎ፣ ራውተሩን ቀይሮ፣ ፕሌይስቴሽኑን ሊሸጠው ደርሷል። ወደ ጓዳ የሚሄደው ኬብል 30 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ለዓይን እንዴት ያምራል! ሁሉም ከወንድሙ ጋር ተሰልፏል።

የሠራው ልጅ እዚያው ነበር። "ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ቀለሙ ምን ያመጣል?" አለኝ። የኬብል መፈተሻውን፣ ቴስተሩን፣ አውጥቶ ሰካው። ስምንቱም መብራት በተራ በራ። "ይኸው!" አለ።

ይሄን ክርክር የሰማሁበት ቤት ብዛት! እንግዲህ ስሙኝ። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠማዘዙ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካል፣ ተቀባዩም ያጣፋዋል። ሶኬቱ ላይ ካሉት ስምንት ፒኖች (የሽቦ መገናኛዎች) 1ኛና 2ኛው አንድ ጥንድ ናቸው። 3ኛና 6ኛ አንድ ጥንድ ናቸው። ጀሞ ባየሁት ላይ ግን 3ኛው ነጭ አረንጓዴ፣ 6ኛው ሰማያዊ ነው። ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች ተበድሮ የተሠራ ጥንድ ማለት ነው። በ2 ሜትር ኬብል ላይታወቅ ይችላል። በ30 ሜትር ግን ዳታ ይጥላል። ርካሹ ቴስተር ደግሞ ኤሌክትሪክ ከጫፍ ጫፍ መድረሱን እንጂ ጥንዱ መፈታቱን አያውቅም። ስምንት መብራት በራ ማለት ኬብሉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

መፍትሄው ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ እንደገና መሥራት ነው። ሶኬቱን መንጠቆው ወደ ታች፣ የሽቦ መግቢያው ወደ እናንተ ሆኖ ያዙት። ከግራ ጀምሮ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሰማያዊዎቹ መሃል ገብተው አረንጓዴዎቹን ይለያያሉ፤ ትክክሉ እሱ ነው። ጥምዝምዙን ከ1.3 ሳንቲ ሜትር በላይ አትፍቱ። የውጪው ልባስ ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት። ሽቦዎቹ ብቻ ተንጠልጥለው ልባሱ ውጭ ከቀረ፣ አንድ ሰው እግሩ በጠለፈው ቁጥር ይላላል። ጀሞ ላይ ሁለቱን ጫፍ ከሠራን በኋላ ያው ራውተር፣ ያው ፓኬጅ፣ ያው ጌም ነው። መዝለሉ ቆመ። ቡዳውም ለቀቀ።

ሶኬቱ ደህና ሆኖም የሚዘል ከሆነ ሽቦውን ራሱን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ገበያው በእሱ ተጥለቅልቋል። ካርቶኑ ላይ ግን የጥሩ ኬብል ደረጃ፣ "ካት 6"፣ ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ውስጡ ይሰበራል፣ ላዩ ግን ምንም አይመስልም። ይሄን ይዞ 50 ሜትር ዘርግቶ ቀለም የሚያስቀባ ሰው አያለሁ። ወንድሜ፣ ከመቅበርህ በፊት ፋቀው!

አንድ ምልክት ልጨምር። ሁለቱም ጫፍ ያሉት ዕቃዎች ጊጋቢት ሆነው ግንኙነቱ 100 ሜጋቢት ካለ፣ ብዙ ጊዜ ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ ሽቦ አልነካም ማለት ነው።

ሲዘንብ ብቻ የሚቆራረጥ

ከፎቅ ወደ ፎቅ በውጭ የተሳበ ኬብል። የቤት ውስጥ ኬብል ፀሐይ ልባሱን ይሰነጥቀዋል፣ ውሃ ይገባል፣ የሶኬቱ ፒኖች አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። የውጭ ኬብል ቀይሩ። ከመብራት ገመድ ጋር አብራችሁ አትሰሩት። አትሰሩት! ረብሻው ይቅርና ሰው ይገድላል። በሁለት ሕንፃ መሃል ከሆነ ደግሞ በክረምት መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ከሁለቱም በኩል ንቀሉት፤ ባይመታችሁ እንኳ አጠገብ ሲወርድ ፖርቱን ያቃጥላል።

የራውተሩ መብራት በሙሉ ጠፍቶ ይመለሳል

አዳፕተሩ ነው። የድሮው ተቃጥሎ "ጫፉ ገባ" ተብሎ የተገዛ። ጀርባውን አንብቡ። ቮልቱ ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 ከሰካችሁ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። አምፒሩ ግን እኩል ወይም በላይ ይሁን። 1 አምፒር ለሚፈልግ ራውተር 0.5 ስትሰጡት ሰው እስኪበዛበት ይሠራል፣ ማታ ሁሉም ሲገባ ይወድቃል።

ፒንጉ ደህና ቆይቶ ድንገት 400፣ 600 ይገባል፣ ከዚያ ይመለሳል

ቤት ውስጥ አንድ ሰው እየላከ ነው። የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም፣ ፎቶ ወደ ጉግል። የመላኪያው አቅም ሲሞላ ዳታው ራውተሩ ውስጥ ወረፋ ይይዛል፣ የእናንተ ተኩስም ከኋላ ይሰለፋል። ራውተራችሁ የፍጥነት ገደብ ካለው መላኪያውን በስፒድ ቴስት ካገኛችሁት 85 በመቶ ላይ ገድቡት። ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ካላችሁ፣ ወረፋውን የሚያስተካክለውን ኤስኪውኤም ጫኑና "ኬክ" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ እህታችሁን መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ዋይፋይ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ ተኩስ ጌም መጫወት የራስ ምርጫ ነው። እዚያ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የተጨናነቀው እነሱ ላይ ነው። ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሂዱ፣ ወይም ኬብል ሳቡ። ሳቡ ስል ከላይ ያልኩትን ሳትረሱ።

ከአንዳንድ ሰው ጋር ይገናኛል፣ ከአንዳንዱ እምቢ ይላል፤ የፓርቲ ድምፅ አይሰማም

የጌም ዕቃው የኔትወርክ ገጽ ላይ ናት (ራውተሩ ብዙ ዕቃን በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ የሚያወጣበት ዘዴ) ታይፕ 3 ወይም ስትሪክት፣ ማለትም ጥብቅ፣ የሚል ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ራውተር ተደራርቦ ነው። ሁለተኛውን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ) አድርጉት፦ ዲኤችሲፒውን (አድራሻ አዳዩን) አጥፉ፣ የውስጥ አድራሻውን ከዋናው የተለየ አድርጉ፣ ኬብሉን ዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) ሳይሆን ላን (የቤት ውስጥ) ፖርት ላይ ሰኩ። ዋናው ራውተር ከውጭ የተቀበለው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን ፖርት ፎርዋርድ (ከውጭ የሚመጣውን ወደ ጌም ዕቃው መምራት) አይረዳችሁም፤ አድራሻውን ከብዙ ደንበኛ ጋር እየተጋራችሁ ነው። አቅራቢውን የራሳችሁ የሆነ የውጭ አድራሻ፣ ፐብሊክ አይፒ፣ ጠይቁ።

ፒንጉ ሁሌም ከፍተኛ ነው፣ ግን አይዘልም

ይሄ ብልሽት ሳይሆን ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይበላል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። ከ50 በታች ማንም አይሰጣችሁም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 እና በሴፕቴምበር 2025 እንደሆነው ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብል ሲቆረጥ ደግሞ ዳታው በሌላ መንገድ ይዞራል፣ ፒንግም ይጨምራል። ያኔ ራውተር መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ዲኤንኤስ መቀየር የሰርቨሩን አድራሻ ፍለጋ ሊያፈጥን ይችላል፤ ጨዋታ ከገባችሁ በኋላ ግን ፒንጉን አይነካም። "ፒንግ ቀናሽ" የሚሉት አፖች አብዛኞቹ ቪፒኤን ናቸው፣ ዳታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙረው ይልካሉ። መንገዱ ጠማማ ከሆነ አልፎ አልፎ ይረዳሉ፣ አለዚያ ተጨማሪ ፌርማታ ናቸው። ነፃ የሆነውን ደግሞ የጌም አካውንታችሁ ባለበት ስልክ ላይ አትጫኑ። ጌሙ ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ ሚድል ኢስትና ዩሮፕን አንድ አንድ ጨዋታ ሞክሩና ዝቅ ያለውን ያዙ።