ካውንቲ ፌር ላይ በግ ለምታቀርቡ ወላጆች፦ እኛ የተሳሳትነውን አትሳሳቱ

ልጄ በግ ይዛ ፌር (የእርሻና የእንስሳት ትርኢትና ውድድር) ስትገባ ዘንድሮ አምስተኛ አመቷ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ጀርመንታውን አፓርታማ ውስጥ ነው፣ በጎቹ ግን ፑልስቪል አንድ ገበሬ ጋ በተከራየነው በረት ነው የሚያድጉት፣ ጠዋትና ማታ እየነዳን እንሄዳለን። ኦገስት ሲሆን ጌይተርስበርግ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የእርሻ ፌር አለ፣ ከ1949 ጀምሮ የነበረ ነው፣ እኛም ሳምንቱን ሙሉ በግ በረት ውስጥ እናሳልፋለን ማለት ይቻላል። ዘንድሮ ሶስት የሀበሻ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ፎር ኤች (4-H፣ ልጆች እንስሳ እያሳደጉ የሚማሩበት የወጣቶች ፕሮግራም) አስገብተው ምን እናድርግ ብለው ስለጠየቁኝ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝን ላስቀድም። በጉን እንደ በዓል ሙክት አታድልቡት! እኛ አገር ጥሩ በግ ማለት ላቱ የከበደ፣ ጀርባው ላይ እጅህን ስታሳርፍ የሚሰምጥ ነው፣ የመንዝ በግ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጨብጠው ላቱን ነው። እዚህ ጃጁ (ዳኛው) መጥቶ ጀርባውንና የጎን አጥንቱን በጣቱ ሲጫን የሚፈልገው ጡንቻ ነው፣ ከቆዳው ስር ያለው ስብ ከሩብ ኢንች ካለፈ በዛ ነው የሚባለው። የመጀመሪያ አመት ልጄ መኖውን በሚዛን እየለካች ጠዋትና ማታ ትሰጠዋለች፣ እኔ ደግሞ በጉ የተራበ ስለሚመስለኝ እሷ ዞር ስትል አንድ ሁለት ጭብጥ በቆሎ እጨምርለታለሁ። ከአራት ወር ልፋት በኋላ ከክላሱ፣ ማለትም አብረውት ከተወዳደሩት በጎች፣ መጨረሻ ወጣ። ጃጁ በማይክ "ስቡ በዝቷል" ሲል ልጅቷ ግራ ገባት፣ ልክ እንደተነገራት ነበር የመገበችው። መኪና ውስጥ ስነግራት ረጅም ሰአት አላናገረችኝም፣ እውነቷን ነበር። ይሄንኑ ነገር በየአመቱ አየዋለሁ፣ አባት ይጨምራል፣ አጎት ሊጠይቅ መጥቶ ዳቦ ይቆርስለታል፣ አያት ከኢትዮጵያ መጥተው "ምነው እንዲህ ከሳ" ብለው ያዝናሉ፣ ማንም ክፋት የለውም ግን የልጁን ስራ ነው የምታበላሹት። ደግሞ የማዕረግ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በግ ያልለመደውን እህል ድንገት በብዛት ከበላ ሆዱ ውስጥ አሲድ ይሆናል፣ መብላት ያቆማል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ በአንድ ቀን ሊሞትም ይችላል። ሚዛን አይጠፋም፣ በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። ኤፕሪል መጨረሻ 60 ፓውንድ ሆኖ የገባ ግልገል በቀን 0.6 ፓውንድ ከጨመረ በ110 ቀን 126 ይደርሳል፣ ይሄን ሂሳብ ልጁ ራሱ ደብተሩ ላይ ይስራው፣ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ።

የፍየል መኖ ለበግ አትስጡ። የፍየሉ ውስጥ ኮፐር (መዳብ) ይበዛል፣ በግ ደግሞ ኮፐር ይመርዘዋል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግዙ።

ተኮላሽቶ የሚያድግ በግ ሽንት ቧንቧው ውስጥ ጠጠር ሊሰራ ይችላል፣ በተለይ እህል በዝቶለት ውሃ ካነሰው። ሁለተኛው አመት ላይ በጋችን እግሩን ወደኋላ ዘርግቶ እየቆመ ያምጥ ነበር፣ እኛ ሆድ ድርቀት ነው ብለን አንድ ሙሉ ቀን ጠበቅን፣ ለካ ሽንቱ ነው የቆመው። ቬቱ ለትንሽ ነው የደረሰለት። ወንድ በግ ሲያምጥ ካያችሁ የዛኑ ሰአት ደውሉ።

ውሃ ካልኩ አይቀር፣ ብዙ በግ ፌር ላይ የማያውቀውን ውሃ አይጠጣም፣ ሽታው ይለይበታል። በዛ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ መብላቱንም ይተዋል፣ ኪሎው በሁለት ቀን ይወርዳል። እኛ ከበረቱ በጀሪካን ቀድተን ነው የምንሄደው፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንን እየሰጠን ቀስ በቀስ እንቀላቅላለን። መኖውንም የለመደውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፋንም እንዳትረሱ።

በጉን መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት የጆሮ ታጉን (መለያ ቁጥሩን) እዩት። ታጉ ወድቆ መግቢያው ላይ የሚያለቅስ ልጅ በየአመቱ አለ።

ሾውማንሺፕ የሚባለው ላይ የሚዳኘው ልጁ ነው እንጂ በጉ አይደለም፣ ይሄንን ሳያውቁ የሚገቡ አሉ። በጉ ያለ ገመድ ነው የሚገባው፣ ልጁ አገጩን ይዞ ደረቱን በጉልበቱ ደግፎ ያቆመዋል፣ አይኑ ጃጁ ላይ ነው፣ በጃጁና በበጉ መሀል በፍጹም አይቆምም። እድሜው ስንት ነው፣ ስንት ይመዝናል፣ መኖው ፕሮቲኑ ስንት ፐርሰንት ነው ተብሎ ይጠየቃል። ታዲያ እኛ ወላጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን በአማርኛ "ቀና አድርጊው! እግሩን አስተካክይ!" እያልን ስንጮህ ልጅቷ አይኗን ከጃጁ ላይ አንስታ ወደኛ ታያለች። እባካችሁ ዝም በሉ። ያቺ የዘጠኝ አመት ልጅ ከራሷ የሚከብድ በግ ይዛ ቆማ ስታያት እንደምታስጨንቅ አውቃለሁ፣ ግን እሷ ከእናንተ የበለጠ ታውቃለች።

ጾሙን አስቡበት። ፌሩ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው፣ እዛ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሽታው ሁሉ ስጋና ቅቤ ነው። ልጆቹ የሚጾሙ ከሆነ ሽሮና አታክልቱን በኩለር ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

አሁን ሊጠይቁ ስለሚመጡ ዘመዶች። ደስ ይላል ሲመጡ፣ ልጄም አበሻ ስታይ ፊቷ ይበራል። ግን በጉ አጠገብ ቆሞ "ይሄ ለእንቁጣጣሽ ነበር"፣ "ጎድኑን አየኸው?" ማለት ይቅር። ልጁ አማርኛ ይሰማል። በጉ ኦክሽን ላይ በፓውንድ ዋጋ ተጫርቶ እንደሚሸጥና ከዛ እንደሚታረድ ያውቃል፣ ማወቅም አለበት፣ እኔ ለልጄ የነገርኳት ግልገሉን ከመግዛታችን በፊት ነው። ሳይነግሩ ያመጡ አንድ ቤተሰብ አይቻለሁ፣ ልጁ የሰማው የሽያጩ ቀን ጠዋት ነው፣ በጉን አቅፎ አልለቅም አለ፣ አባትየው ደግሞ ይቆጣል። ልጁ ምን አጠፋ? ገና ሲጀመር ንገሩት፣ ካልቻለ ለእርባታ የምትሆን ሴት በግ ያቅርብ፣ እሷ አትሸጥም፣ ትመለሳለች። የሸጠ ልጅ ደግሞ የመጨረሻውን ማታ ከበጉ ጋር ልደር ካለ፣ ግቢው የሚፈቅድ ከሆነ ከልክላችሁ አታስቀሩት። ለገዛው ሰውም የምስጋና ደብዳቤውን በራሱ እጅ ይጻፍ፣ እናንተ አትጻፉለት።

ሴት በግ ይዛችሁ የምትመለሱ፣ ቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሏት። ሳምንቱን ሙሉ ከመቶ በግ ጋር ስትተነፍስ ነው የከረመችው፣ ፈንገሱም ሳሉም ከዛ ነው የሚመጣው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ፣ የራሷ ባልዲ ይኑራት፣ መጀመሪያ ሌሎቹን መግባችሁ እሷን መጨረሻ፣ ቡትሳችሁንም ከመግባታችሁ በፊት በረቱ በር ላይ እጠቡት።