ሼርድ ወይስ ስታቲክ ላይብረሪ? ዲፕሎይ ከማድረጋችሁ (ሰርቨር ላይ ከመጫናችሁ) በፊት

አይቢኤም አፕ ኮኔክት ኢንተርፕራይዝ (የተለያዩ ሲስተሞችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ላይ ለምትሠሩ፣ በተለይ እንደኛ ጅማ ተቀምጣችሁ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ ለምትጭኑ፦ ብዙ አፕሊኬሽኖች የሚጋሩትን ነገር (የመልእክቱን መስኮች የሚገልጸውን ስኪማ፣ ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበትን የፍሎው ክፍል ማለትም ሰብፍሎው፣ ኢኤስኪውኤል በተባለው የምርቱ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ) በየአፕሊኬሽኑ እየገለበጣችሁ አታስቀምጡ። ላይብረሪ አድርጉት።

ላይብረሪው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ስታቲኩ ባር ፋይሉ (ሰርቨሩ ላይ የሚጫነው ጥቅል) ሲሠራ እያንዳንዱ አፕሊኬሽን ውስጥ ተገልብጦ ይገባል። ሼርዱ፣ ምርቱ ገና ኢንተግሬሽን ባስ እየተባለ በ2015 በስሪት 10 የመጣው፣ ኢንተግሬሽን ሰርቨሩ (አፕሊኬሽኖቹን የሚያስኬደው ክፍል) ላይ አንዴ ይጫንና ሁሉም ከዚያው ይጠቀማሉ።

የቡና ቅበላ፣ የመጋዘንና የክፍያ አፕሊኬሽኖች አንድ የሚዛን ደረሰኝ ስኪማ ይጋራሉ እንበል። ስኪማው ላይ የእርጥበት መጠን የሚል መስክ ቢጨመር በስታቲክ ሦስቱንም እንደገና መገንባትና መጫን የግድ ነው፤ በሼርድ ግን ላይብረሪውን ብቻ። ኔትወርኩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሼርዱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ላይብረሪው ሰርቨሩ ላይ ከሌለ አፕሊኬሽኑ አይጫንም። ስለዚህ እሱን አስቀድሙ፣ ወይም ሁለቱን በአንድ ባር ፋይል ላኩ። ሁለት ኢንተግሬሽን ሰርቨር ካላችሁም ለየብቻ ይጫናል፤ አንዱ ከሌላው አይዋስም።

ደግሞ ላይብረሪውን ስትቀይሩ ያልነካችሁት አፕሊኬሽንም አብሮ ይቀየራል። እኔ ብሆን ገንዘብ የሚነካውን የክፍያ ሎጂክ በስታቲክ አቆይቼ፣ ስኪማውን ብቻ ሼርድ አደርገዋለሁ።