ሬስቶራንት ላይ የምትወዱትን ብሩስኬታ እቤት እንዴት እንደሚሰራ

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ይህ በተጠበሰ ዳቦ ላይ ቲማቲም የሚደረግበት የጣሊያን ምግብ ብሩስኬታ ነው፣ ብሩሼታ አይደለም። ብዙ ሰው "ሼ" ብሎ ያዝዛል፣ አስተናጋጁም ሰምቶ ዝም ይላል። ቃሉ የመጣው የሮም ከተማ ሰዎች በአካባቢያቸው አነጋገር "ብሩስካሬ" ከሚሉት ነው። ፍም ላይ መጥበስ ማለት ነው። የሚጠበሰው ደግሞ ዳቦው ነው። ቲማቲሙ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ጣሊያን ውስጥ ወይራ የሚያመርቱ ሰዎች አዲስ የተጨመቀ ዘይታቸውን የሚቀምሱት በተጠበሰ ዳቦ ላይ እያፈሰሱ ነው። ቶስካና ውስጥ ይህንኑ ያለ ቲማቲም ይበሉታል። "ፌቱንታ" ይሉታል፣ ዘይት የተቀባ ቁራጭ እንደማለት።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰራ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ቲማቲሙን ከትፌ፣ በዘይትና በጨው ለውሼ፣ ዳቦው ላይ ከምሬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። እንግዶቼ ግማሽ ሰዓት አረፈዱ። ዳቦው ውሃውን ሁሉ ምጥጥ አድርጎ ጠበቃቸው። አንዱ ሲያነሳው ከመሃሉ ተቆርሶ ቲማቲሙ ሸሚዙ ላይ አረፈ። ጣዕሙ አይከፋም ነበር። ግን በማንኪያ እየተለቀመ የሚበላ ብሩስኬታ አያስደስትም።

ጥሩ ሬስቶራንት ውስጥ ይህ የማይሆነው በሁለት ምክንያት ነው። የቲማቲሙን ውሃ ቀድመው ያወጡታል። ዳቦውንና ቲማቲሙን ደግሞ ሳህኑ ከወጥ ቤት ሊወጣ ሲል ነው የሚያገናኙት።

የሚያስፈልገው፣ ለአራት ሰው

500 ግራም ያህል በደንብ የበሰለ ቲማቲም፣ 8 ቁራጭ ዳቦ፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ኤክስትራ ቨርጂን የወይራ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ8 እስከ 10 የባሲል ቅጠል። ባሲል የጣሊያኖቹ በሶብላ ነው። ቅጠሉ ሰፋ ብሎ ለስላሳ ነው። ቁንዶ በርበሬ ለወደደ ይቻላል።

በቃ፣ ይኸው ነው። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ከመካከላቸው ደካማው ወዲያው ይታወቃል። በተለይ ዘይቱ። እሳት ስለማይነካው ሽታውም ጣዕሙም እንዳለ አፍ ውስጥ ይገባል። ለመጥበሻ የምትጠቀሙበትን ሽታ የሌለው ዘይት እዚህ አታምጡት።

ከቲማቲሙ ጀምሩ

ቲማቲሙ ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ቅዝቃዜ መዓዛውን ያዳፍነዋል። ሲዳሰስ ትንሽ ለስለስ የሚል፣ ሲሸተት ቲማቲም ቲማቲም የሚል ምረጡ። ትልልቅና ውሃ የበዛባቸውን ካገኛችሁ ትንንሾቹን መርጣችሁ ብትወስዱ ይሻላል።

አንድ ሴንቲ ሜትር በሚያህል መጠን ክተፉት። ፍሬውን እናውጣ ወይስ አናውጣ? ብዙዎች አውጡ ይላሉ። እኔ አላወጣም። በፍሬው ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ነገር ከሥጋው የበለጠ ጣዕም ይዟል፣ ወርውራችሁት ከሄዳችሁ የቀራችሁ ቀይ ቀለም ነው። ውሃውን ለመቀነስ ሌላ መንገድ አለ፤ ጨው።

የከተፋችሁትን ማጥለያ ውስጥ አድርጉ፣ ጨዉን ነስንሳችሁ ለውሱት፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ጨው ውሃውን ከውስጥ ስቦ ያወጣዋል። ሳህኑ ውስጥ የሚጠራቀመውን ስታዩ ትገረማላችሁ፣ ያ ሁሉ ዳቦው ውስጥ ይገባ ነበር። ፈሳሹን አትድፉት። በዘይት መታ መታ ብታደርጉት ጥሩ የሰላጣ ማጣፈጫ ይወጣዋል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆሜ እጠጣዋለሁ።

የጠለለውን ቲማቲም ከ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ለውሱና ቅመሱት። ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ ማለቴ ነው። ቲማቲሙ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ ያነቃዋል። አንዳንድ ሬስቶራንቶች ላዩ ላይ የሚያንጠባጥቡት ጥቁርና ወፍራም ነገር ባልሳሚክ ኮምጣጤ ነው፣ በለሰለሰ እሳት ላይ እስኪወፍር የተቀነሰ። ጥንታዊው አሠራር ውስጥ የለም። ከወደዳችሁት ማን ይከለክላችኋል፣ ግን በልኩ ይሁን፤ ሲበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ባሲሉን እስከ መጨረሻው አትንኩት። ቀድሞ ከተከተፈ ይጠቁራል። ሊበላ ሲል በእጃችሁ ቦጨቅ ቦጨቅ አድርጋችሁ ጨምሩት።

ዳቦው

ቅርፊቱ ወፈር ያለ፣ ውስጡ ሲነከስ የሚታገል ዳቦ ፈልጉ። ለስላሳው የሳንድዊች ዳቦ አይሆንም፣ ቲማቲም ሲያርፍበት ይተኛል። ውስጡ ትልልቅ ቀዳዳ የበዛበትም ያስቸግራል፣ ዘይቱ በቀዳዳው ሾልኮ እጃችሁ ላይ ይወርዳል። የትናንት ዳቦ ከዛሬው ይመረጣል።

ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሁን። ከዚያ ካነሰ ውስጡም ይደርቅና ብስኩት ይሆናል። የምንፈልገው ላዩ ሲነከስ ድምፅ የሚያሰማ፣ መሃሉ ግን ገና ለስላሳ የሆነ ዳቦ ነው።

ፍም ካላችሁ ከዚያ የሚበልጥ የለም፣ ያ የጭስ ሽታ ሌላ ነገር ነው። ከሌለ መጥበሻ በደንብ አግሉና ያለ ዘይት በያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጥበሱት። ኦቨን ከሆነ 220 ዲግሪ ላይ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ እያገላበጣችሁ። ጠርዙ እዚህም እዚያም ጠቆር ቢል አትደንግጡ፣ እንዲያውም ያምርበታል።

አሁን ፍጠኑ። ዳቦው ትኩስ እያለ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ያዙና ላዩን እሹት። የተጠበሰው ሻካራ ገጽ እንደ መሞረጃ ሆኖ ነጭ ሽንኩርቱን ይፍቀዋል። ስታሹት እያነሰ ሲሄድ ታያላችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ማሸት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ እስከ ነገ አብሯችሁ ይውላል። ነጭ ሽንኩርት ከትፎ ቲማቲሙ ውስጥ የሚጨምርም አለ። እኔ አልወደውም፣ ጥሬው ቁራጭ ጥርስ ስር ሲገባ ሌላው ጣዕም ይጠፋል።

ማገናኘት

ቀሪውን ዘይት ዳቦዎቹ ላይ አንጠባጥቡ። ባሲሉን ቲማቲሙ ውስጥ ጨምሩ። ቀዳዳ ባለው ማንኪያ ቲማቲሙን እያነሳችሁ ዳቦው ላይ አድርጉ፣ የተረፈ ውሃ ካለ እዚያው ይቅር። አትከምሩት፣ ሲነከስ የሚወድቀው ሲበዛ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይበላ።

እንግዳ ካላችሁና መቼ እንደሚመጡ ካላመናችኋቸው፣ ከሸሚዙ አደጋ ወዲህ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቲማቲሙን አጥልዬ በጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣለሁ። ዳቦውን ቆርጬ ሳልጠብስ እጠብቃለሁ። በሩ ሲንኳኳ መጥበሻውን እጥዳለሁ። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አደርገዋለሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ጭምር። እያንዳንዱ የራሱን ያሻል፣ የራሱን ይጭናል።